አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል

አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከመርካቶ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል ሲሆን፣ ለበርካታ አሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ አገልግሏል።

ሆስፒታሉ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም ገደማ፣ ለጠቅላላ ሕክምና የተቋቋመ ሲሆን ኋላ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ሆነ። ግቢው ተመላላሽ ታካሚዎችን ከማስተናገዱና 300 ገደማ በሚሆኑ አልጋዎች ሕሙማንን አስተኝቶ ከማከሙ በተጨማሪ፣ በወንጀል የተከሰሱ ሰዎች የአእምሮ ጤና በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚመረመርበት የፎረንሲክ፣ ማለትም ሕግ ነክ፣ አገልግሎት ይሰጣል። ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ደግሞ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ወዳለው የገፈርሳ ማገገሚያ ማእከል ይላኩ ነበር።

የአንድ ግቢ አቅም ለአንድ አገር ሕመም ሊበቃ አልቻለም። ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የሚመጣ ቤተሰብ ሕመምተኛውን ይዞ የዓባይን በረሃ ማቋረጥ፣ አዲስ አበባ ሲደርስም ማደሪያና ስንቅ መሸፈን ነበረበት፤ በዚህም ምክንያት ብዙዎች ጠበል ብቻ ተስፋቸው ሆኖ ቀርቷል፣ አንዳንዶችም በየቤቱ ታስረው ኖረዋል። ከ1990 ዓ.ም ጀምሮ በቡታጅራ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ያዳረሰው ጥናት፣ ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው፣ ማለትም አስተሳሰብንና እውነታን መለየትን የሚያዛባ ጽኑ ሕመም ካደረባቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ አሳይቷል።

መፍትሔው የመጣው ባለሙያን በማብዛት ነው። በ1979 ዓ.ም በሆስፒታሉ የተጀመረው የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና፣ ተመራቂዎች በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ክሊኒክ እንዲከፍቱ አስቻለ። በ1995 ዓ.ም፣ በአገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ያህል ብቻ በነበሩበት ወቅት፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የስፔሻሊስት ሐኪሞች ሥልጠና ጀመረ፤ በ2005 ዓ.ም የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም አገልግሎቱ እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ ወሰነ። ለአእምሮ ሕክምና ማስፋፊያ የተገነባው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ግን በ2012 ዓ.ም የኮቪድ 19 ሕሙማን ማእከል ሆነ።

ዛሬ በባሕር ዳር የፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለው፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳ ግቢ ተማሪም ሆነ የጣና ዳር ገበሬ ሕክምናውን ባለበት አካባቢ መጀመር ይችላል። መድኃኒት ለረጅም ጊዜ፣ ያለማቋረጥ መውሰድን ለሚጠይቁ ሕመሞች ይህ ቅርበት ከሕክምናው የሚነጠል አይደለም፤ የአማኑኤል ትልቁ ውለታም እርሱ ያሠለጠናቸው ባለሙያዎች ሕሙማን ወዳሉበት መድረሳቸው ነው።