ሁለቱ 1952ዎች፦ የከሚሴ እናት በቆንስላ መስኮት ፊት

አሜሪካ የምትኖር የከሚሴ ልጅ የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ እናቷ መጥተው እንዲያርሷት ትመኛለች። በአገራችን ወግ ይህ ጥያቄ እንኳ የማይነሣበት ጉዳይ ነው። ልጅቱም መዘጋጀት ትጀምራለች፤ የጥሪ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ የባንክ ሒሳቧን ታሳትማለች፣ የደመወዟን ማስረጃ ትልካለች። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው አዲስ አበባ በቆንስላው መስኮት ፊት የሚቆሙት እናት ግን በዋናነት የሚጠየቁት ስለ ልጃቸው ሀብት አይደለም። ስለ ራሳቸው ነው፤ ፍሬ ነገሩም ሄደው እንደሚመለሱ በምን ይታወቃል የሚል ነው።

ለመሆኑ ይህ ጥያቄ ከየት መጣ? እናቲቱስ ለእውነተኛ ሕይወታቸው ማስረጃ የሚያጡት ለምንድን ነው? መልሱ በሁለት ሕጎች ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በአጋጣሚ ሁለቱም የ1952 ሕጎች ናቸው፤ አንዱ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሌላው በእኛ።

በመጀመሪያ የባዕዱን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለየአገሩ ኮታ ሲደለድል ለኢትዮጵያ የደረሳት በዓመት 100 ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 214 (ቢ) ዛሬም ድረስ የሚሠራ ግምት ደነገገ፤ ለጉብኝት ቪዛ የሚያመለክት ሰው ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ በዚያው ሊቀር እንደ መጣ ይቆጠራል። በወንጀል ችሎት ተከሳሽ ንጹሕ ነው ተብሎ ይገመታል፤ በቆንስላ መስኮት ግን ግምቱ በአመልካቹ ላይ ነው። ውድቅ ለተደረገ ማመልከቻ ይግባኝ የለም፤ ያለው አማራጭ እንደገና ከፍሎ እንደገና ማመልከት ነው። ክፍያውም እ.ኤ.አ. በ2023 ከ160 ወደ 185 ዶላር ከፍ ብሏል፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም።

የሚያስገርመው እ.ኤ.አ. በ1965 የተደረገው ማሻሻያ የየአገሩን ኮታ ሽሮ፣ ዕድሜያቸው 21 ዓመት የሞላ የአሜሪካ ዜጎች ወላጆቻቸውን ያለ ቁጥር ገደብ በቋሚነት እንዲያስመጡ በር መክፈቱ ነው። እንግዲህ በሕጉ አሠራር፣ ልጃቸው ዜግነት ያገኘችላቸው እናት ለዘለዓለም ለመኖር ቢጠይቁ ዝምድናው መብት ይሆናቸዋል፤ ለሦስት ወር አራስ ጠይቀው ወደ ቤታቸው ለመመለስ ቢጠይቁ ግን ያው ዝምድና የጥርጣሬ ምንጭ ይሆንባቸዋል።

ወደ ራሳችን 1952 እንመለስ። በዚያ ዓመት የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ እንዲሰፍሩ ዝርዝር ድንጋጌዎች ነበሩት። ሆኖም ያው ሕግ በአንቀጽ 3361 እነዚህን ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ አግዶ አቆያቸው። ያ ትእዛዝ ሳይወጣ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፤ ደርግም መጥቶ ሄደ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከሕጉ እስከ ሥራው 56 ዓመት! በዚህ መካከል በቦርከና ዳርና በጨፋ ሜዳ የተወለዱ፣ የተዳሩና የሞቱ ሰዎች ታሪክ በሰው ትዝታ እንጂ በመዝገብ አልሰፈረም። የወሎ እናት ዕድሜዋን የምትቆጥረው ከጣሊያን ወረራ፣ ከ1966ቱ ወይም ከ1977ቱ ረሃብ አንጻር ነው። ይህ ለእርሷ ትክክለኛ አቆጣጠር ነው፤ ለቅጹ ግን ቀንና ወር ያስፈልጋል።

ቀንና ወሩን የሞላው ቀበሌ ነበር። ከ1967ቱ አዋጆች ወዲህ የቀበሌና የገበሬ ማኅበር ወረቀት የዜጋው ዋና መታወቂያ ሆነ። ጸሐፊው በግምት ያሰፈረው ዓመት ወደ ፓስፖርት ተሻገረ፤ ሲሻገርም ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ የሚለወጠው የሰባትና ስምንት ዓመት ልዩነት አንዳንዴ ተዘነጋ። ልጇን በአሥር ዓመቷ የወለደች የምትመስል እናት በወረቀት ላይ የምትገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይታከላል። አፋን ኦሮሞ በ1984 ዓ.ም. ቁቤን የጽሕፈት ሥርዓቱ ካደረገ በኋላ በዞኑ የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ሆኗል፤ ይህም ሕዝቡ በቋንቋው የመዳኘትና የመማር መብቱን ያገኘበት ታላቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ በቁቤ ‹ጠ› የሚጻፈው በላቲኑ ‹ኤክስ› ፊደል ነው፤ በፓስፖርት ላይ ግን በ‹ቲ› ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ አንዲት ፋጡማ በከሚሴ ማስረጃና በፓስፖርቷ ላይ ለባዕድ ዓይን ሁለት ሴቶች ልትመስል ትችላለች። በዚያ ላይ እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ እናትና ልጅ በስም አይገናኙም።

ስለ ንብረትስ? ከ1967 ወዲህ የገጠር መሬት አይሸጥም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቷል። የከሚሴ ገበሬ የይዞታ ደብተር ቢኖረውም የገበያ ዋጋ ያለው የመሬት ባለቤትነት ሰነድ የለውም። ከቤቱ ጋር የሚያስተሳስረው ከብቱ፣ ማሽላው፣ ዕድሩ፣ የልጅ ልጆቹና የአባቶቹ መቃብር ናቸው። ሰው የማይበጥሰው ገመድ ይህ ነበር፤ ነገር ግን ማኅተም የለውም።

ደላላው የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። አካባቢው ደላላን አሳምሮ ያውቀዋል። ለዐረብ አገር ጉዞ የልጃገረዶችን ዕድሜ ከፍ አድርጎ ማስጻፍ፣ በዑምራ ቪዛ ሄዶ ለሥራ መቅረት በወሎ የታወቀ መንገድ ነበር። መጨረሻውንም አይተናል፤ ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተባርረው ተመልሰዋል። ዛሬም ደላላው ለእናቲቱ የሌለ የንግድ ፈቃድና ለአንድ ሳምንት የተበደሩት የባንክ ገንዘብ ሲያቀርብ «ሁሉም የሚያደርገው ነው» ይላል። የማይናገረው ግን በአሜሪካ ሕግ ሆን ብሎ በሐሰት ማስረጃ ቪዛ መጠየቅ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል እንደሚችል ነው። በእውነት የተከለከለ ነገ ያመለክታል፤ በሐሰት የተያዘ ግን ልጁ የከፈተችለትን የቋሚ መኖሪያ በር ሳይቀር በራሱ ላይ ይዘጋል።

ታዲያ እውነተኛው ዝግጅት ምንድን ነው? የጥሪ ደብዳቤና የድጋፍ ቃል ለጉብኝት ቪዛ ግዴታ አለመሆናቸውን፣ ውሳኔው በአመልካቿ ሁኔታ ላይ እንደሚመሠረት ልጆች ይወቁ። የእንግሊዝኛውን ቅጽ ልጅ ቢሞላው እንኳ እያንዳንዱ መልስ ለእናት በሚገባቸው ቋንቋ ይነበብላቸው፤ የሞላውም ሰው በቅጹ ላይ ይገለጽ፤ ኃላፊነቱ የአመልካቿ ነውና። ቀደም ሲል የቋሚ መኖሪያ ማመልከቻ ገብቶላቸው ከሆነ አይደበቅ። የስምና የዕድሜ ልዩነት ካለ ከቀጠሮው በፊት በሕጋዊ መንገድ ይታረም፤ ካልተቻለም ምክንያቱ በግልጽ ይነገር። ከሁሉ በላይ እናቲቱ የተጠና መልስ እንዲደግሙ አይገደዱ። ለምን እንደሚሄዱ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ፣ ማን ቤታቸውን እንደሚጠብቅና ለምን እንደሚመለሱ በራሳቸው አንደበት ይናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን አብዛኛውን ጊዜያዊ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያና የሦስት ወር ዕድሜ ያለው ብቻ እንዲሆን ስላደረገች፣ ደንቡን በየጊዜው ማየትም ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቪዛው ሊከለከል ይችላል። የባዕድ መንግሥት ማንን እንደሚያስገባ የመወሰን ሥልጣን አለውና በዚህ ላይ ያለን አቅም ውስን ነው። በራሳችን መንግሥት ላይ ግን የምንጠይቀው አለን። ደርግ በመውጫ ቪዛ የዘጋውን በር የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ከፍቶታል፤ ከአገር የመውጣት ነጻነት ግን ያለ ታማኝ ወረቀት ግማሽ ነጻነት ነው። ዛሬ የፋይዳ ቁጥር እየተሰጠ ነው፤ መልካም ነው። ቁጥሩ አንዲት ሴት ማን እንደሆነች ይናገራል፤ የማን እናት እንደሆነች ግን አይናገርም። ከ2008 በፊት የተወለዱትንና የተጋቡትን አረጋውያን ኩነት በየወረዳው፣ በቋንቋቸውና በአንድ ወጥ የስም አጻጻፍ መመዝገብ የቅንጦት ሥራ አይደለም። የአሜሪካው 1952 እናቶቻችንን ይጠረጥራል፤ የእኛው 1952 ደግሞ ቃል ገብቶላቸው ረስቷቸዋል። የመጀመሪያውን ልንሽረው አንችልም። ሁለተኛውን መፈጸም ግን የራሳችን ዕዳ ነው።