የቡናችን ስም በባዕድ ገበያ

የሐረር ቡና ባሕር ተሻግሮ ለአውሮፓ ገበያ ሲቀርብ ለብዙ ዘመን «ሞካ» በሚል ስም ይሸጥ ነበር። ሞካ ግን የየመን ወደብ ስም እንጂ ይህ ቡና የበቀለበት ምድር መጠሪያ አይደለም። ላቡ የአርሶ አደሩ፣ ዝናው የወደቡ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ «ሐረር»፣ «ሲዳሞ» እና «ይርጋ ጨፌ» የተሰኙት ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡላት ለአሜሪካ መንግሥት አመለከተች። የዚያው አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ስሞቹ የቡና ዓይነት የጋራ መጠሪያ ሆነዋል ሲል ተቃወመ። ለመሆኑ የጋራ ያደረጋቸው ማን ነው? ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተነሣው ውዝግብ በ2007 በስምምነት ተፈታ፤ ኩባንያው በስሞቹ የሚጠቀመው በኢትዮጵያ ፈቃድ እንዲሆን ተዋዋለ። ለፈቃዱ ክፍያ አልተጠየቀም፤ የተፈለገው ስሙ ከነባለቤቱ እንዲታወቅ ነበር።