ከአበበ ቢቂላ አስቀድሞ ብስክሌተኞቻችን ነበሩ

በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር ወገናችን ስለ ኦሊምፒክ ጨዋታ ሲያነሣ ታሪኩ የሚጀምረው ከሮም፣ ከአበበ ቢቂላ ባዶ እግር ነው። ማንም አይፈርድበትም። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው ከሮም አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1956) በአውስትራሊያዋ የሜልቦርን ከተማ ነበር። ያን ጊዜ ከተላኩት 12 ስፖርተኞች መካከል ስምንቱ ሯጮች ሲሆኑ፣ አራቱ ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባሕታ እና ኃይሉ ፋና። ዛሬ በአንዱ ሬስቶራንታችን ውስጥ እነዚህን አራት ስሞች ሳይሳሳት የሚጠራ ሰው ቢገኝ ምሳ ሊጋበዝ ይገባዋል።

የመንገድ ላይ ውድድሩ የተካሄደው ኅዳር 28 ቀን ነው። ርቀቱ ወደ 188 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በዚህ አገር ልኬት 117 ማይል ገደማ መሆኑ ነው። ወርቁን ኤርኮሌ ባልዲኒ የተባለ ጣልያናዊ ወሰደ። በቡድን ውጤት ፈረንሳይ አንደኛ ስትወጣ ኢትዮጵያ ዘጠነኛ ሆነች። ብስክሌት እንደ እህል በሚታይባቸው የአውሮፓ አገሮች መካከል፣ በመጀመሪያ ሙከራ ዘጠነኛ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ ችሎታ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ብስክሌትን በአስመራ ያስፋፉት ጣልያኖች ናቸው። በፋሺስት ዘመን የአገሩ ተወላጅ ከጣልያን ጋር እንዲወዳደር አይፈቀድለትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ግን የማን ጉልበት እንደሚበልጥ ለማሳየት ሁለቱ ወገኖች በአንድ ላይ እንዲወዳደሩ ተደረገና፣ ገብረማርያም ገብሩ የተባለ ኤርትራዊ ጣልያኖቹን ቀድሞ ገባ። በ1946 ኤርትራን የሚዞረው ውድድር ተጀመረ፤ በ1952 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትተሳሰር የአስመራ የብስክሌት ፍቅርም አብሮ መጣ። ፖለቲካው በኋላ ያመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። ቋንቋችን ግን እስከ ዛሬ ምስክር ነው፤ ጎማ፣ ካቴና፣ ከመነዳሪ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው።

ከሮም በኋላ ሩጫው ሁሉን ሸፈነው። በመቀሌ የተወለደው ፀጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2016፣ ከሜልቦርን 60 ዓመት በኋላ ነው። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ደግሞ በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት የየዕለት ድሎችን አግኝቶ አረንጓዴውን ማሊያ ለብሶ ጨረሰ።

አንድ መቶ አሥራ ሰባት ማይል ኮርቻ ላይ መቀመጥ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው። በውድብሪጅ አካባቢ ሐኪም ስኳርህን ወይም ደም ግፊትህን በእንቅስቃሴ ቀንስ ሲለው ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ጥቂት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውል ሾፌር ከሆነማ ምክሩ ይበረታበታል። ነገር ግን በሳምንቱ መቀመጫው ይቆስላል፣ ጉልበቱ ያመዋል፣ እጁ ይደነዝዛል፤ ብስክሌቱም ጋራዥ ውስጥ ተሰቅሎ ይቀራል። ሰውዬው "ዕድሜዬ ነው" ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የዕድሜው ሳይሆን የኮርቻው ከፍታ ነው።

የብስክሌት ታሪክ ራሱ የምቾት ፍለጋ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1860ዎቹ የነበረው ባለ እንጨት ጎማ ብስክሌት እንግሊዞች "አጥንት አንቀጥቃጭ" የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለ እንግሊዛዊ በመጠን የተቀራረቡ ሁለት ጎማዎችና በካቴና የሚዞር የኋላ እግር ያለውን ብስክሌት ሠራ፤ ዛሬ የምንነዳው የዚያ ልጅ ነው። በ1888 ደግሞ በቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ፣ የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት እንዳያንገጫግጨው ብሎ የሠራውን በአየር የሚነፋ ጎማ በስሙ አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ስሕተት ለረጅም ዘመን ነገሠ፤ ጎማ በጠበበና በጠነከረ ቁጥር ይፈጥናል ተባለ። ተወዳዳሪዎች በ23 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በጠበበ ጎማ አጥንታቸው እየተናጠ ኖሩ። በስተኋላ ሲለካ ግን፣ በእውነተኛ መንገድ ላይ ሰፋና ለስለስ ያለው ጎማ ንቅናቄውን ስለሚውጥ ጉልበት ቆጣቢ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በቱር ደ ፍራንስ ሳይቀር 28 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የተለመደ ነው።

ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ የተሰቀለውን ብስክሌት አውርዶ ማየት ነው። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ፔዳሉ ታች ሲደርስ፣ ተረከዝ ሲረገጥበት እግር ቀጥ ማለት አለበት፤ በፊተኛው የእግር መዳፍ ሲረገጥ ደግሞ ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ይታመማል። አፍንጫው ወደ ታች ካዘቀዘቀ ገላ ወደ ፊት ይንሸራተትና ክብደቱ ሁሉ እጅ ላይ ያርፋል፤ የእጅ መደንዘዝ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። እንደ ትራስ የሚሰምጥ ሰፊ ኮርቻም ሱቅ ውስጥ ያማልላል እንጂ፣ መንገዱ ሲረዝም ጭን ይፍቃል።

የት ይነዳ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሩት ዋን ለጀማሪ አይመከርም። በቨርጂኒያ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ የጸናው ሕግ፣ ባለመኪና ሦስት ጫማ ርቆ ማለፍ ካልቻለ ረድፍ እንዲቀይር ያዛል፤ ይህን ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖችም ቢያስታውሱት መልካም ነው። ለቅዳሜ ጧት ግን ብስክሌቱን በመኪና ጭኖ ወደ ማውንት ቨርነን፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ቤት ወዳለበት መሄድ ይሻላል። ከዚያ የሚነሣው የብስክሌት መንገድ በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ በአሌክሳንድሪያ በኩል አድርጎ እስከ ሩዝቬልት ደሴት 18 ማይል ያህል ይሄዳል። ውድብሪጅ ስሟን ያገኘችው በኦኮኳን ወንዝ ላይ ከነበረ የእንጨት ድልድይ ነው፤ በዚህ መንገድ ላይም የእንጨት ድልድዮች በየቦታው አሉ። ሲደርቁ እጅን ያንቀጠቅጣሉ፣ ሲረጥቡ ያንሸራትታሉ። እዚያ ላይ ፍሬን በድንገት አይያዝም።