ግማሽ ኤከር ግቢ፦ የማውንት ሎረልና የወይዘሮ ኤቴል ላውረንስ ታሪክ



ከመካከላችን ብዙዎቹ የሀብታም ታውንሺፕን ኑሮ የሚያውቁት በጓዳ በር በኩል ነው። አዛውንት ለመጦር፣ ቤት ለማጽዳት ወይም ሕፃን ለመያዝ ጠዋት ገብተው ማታ ይወጣሉ። ሣሩ የተከረከመ፣ መንገዱ ጸጥ ያለ፣ ትምህርት ቤቱም ጥሩ ነው። አውቶብስና የእግረኛ መንገድ ግን ብዙ ጊዜ የለም፤ መኪና የሌላት ሴት እንዳትመጣ ታስቦ የተሠራ ይመስላል። እዚያው ቤት ልከራይ ብላ የጠየቀችም በአቅሟ የሚሆን አታገኝም። ይህን ያመጣው ገበያው ብቻ አይደለም። በወረቀት ተጽፎ፣ በምክር ቤት ጸድቆ የመጣ ነገር ነው። እንዴት እንደሆነ በኒው ጀርሲ የሚገኘው የማውንት ሎረል ታውንሺፕ ታሪክ በደንብ ያሳየናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማውንት ሎረል ከፊላደልፊያ ከተማ በደላዌር ወንዝ ማዶ ያለ፣ 22 ስኩዌር ማይል ያህል ስፋት ያለው ቦታ ነው። በ1950 የእርሻ አገር ነበር፤ ነዋሪው 2,817 ብቻ። ትልልቆቹ አውራ ጎዳናዎች ሲመጡ ከከተማ የወጡ ቤተሰቦች ተከትለው መጡ፣ በ1970 ሕዝቡ 11,221 ደረሰ። ታውንሺፑም በ1964 ዞኒንግ የሚባለውን የመሬት አጠቃቀም ደንብ አወጣ። ደንቡ በመኖሪያ ክልሎቹ የፈቀደው በአንድ ቦታ ላይ ለብቻው የቆመ የአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ ነበር። በአንደኛው ክልል ቦታው ከ20,000 ካሬ ጫማ፣ ማለትም ከግማሽ ኤከር ገደማ እንዳያንስ ተወሰነ። ከመሬቱ 29 በመቶ ያህሉ ለኢንዱስትሪ ተከለለ፣ ፋብሪካ የገባበት ግን ጥቂቱ ነበር። «ድሃ አይግባ» የሚል ቃል የትም አልተጻፈም። ግማሽ ኤከር መግዛት የማይችል ሰው በራሱ ይቀራል።

እንደ እናት የሚያስገርመኝ የልጆቹ ጉዳይ ነው። በኒው ጀርሲ የትምህርት ቤት ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው ከቤት ግብር ነው። ስለዚህ ለታውንሺፑ ፋብሪካ ገቢ፣ ልጅ ደግሞ ወጪ ነበር። ኋላ በልዩ ፈቃድ አፓርታማ እንዲሠራ ሲስማሙ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ለትምህርት የደረሰ ልጅ እንዳይኖር፣ ባለ ሁለት መኝታ ውስጥ ከሁለት እንዳይበልጥ በኪራይ ውሉ እንዲጻፍ አስገደዱ። የተማሪው ቁጥር ከተወሰነው ካለፈ ደግሞ የትምህርቱን ወጪ ቤት ሠሪው ይከፍላል ተባለ። በእኛ አገር «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። እዚያ ግን ልጅ ሳይወለድ ተቆጥሯል።

አዲሶቹ ቤቶች ከመምጣታቸው ከብዙ ጊዜ በፊት በዚያ መሬት የሚኖሩ ጥቁር ቤተሰቦች ነበሩ። የወይዘሮ ኤቴል ላውረንስ ቤተሰብም ሥሩ የሚመዘዘው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት ነው። ስፕሪንግቪል በሚባለው ሰፈር አንዳንዱ ሰው ወደ መኖሪያ በተለወጠ የዶሮ ቤት ውስጥ ይኖር ነበር። ታውንሺፑ እነዚህን ቤቶች «ለመኖሪያ አይበቁም» እያለ ሲዘጋና ሲያፈርስ፣ ምትክ ስላልነበረ ሰዉ ወደ ካምደን ከተማ ይሰደድ ጀመር። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው፣ እንደ እኛው ማኅበር ማለት ነው፣ 36 አፓርታማዎች ለመሥራት ዕቅድ አቀረቡ። በ1970 መጸው አንድ እሑድ ከንቲባው ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው መጡና አፓርታማው እንደማይፈቀድ፣ አቅም የሌለውም ለቆ መሄድ እንዳለበት ነገሯቸው።

ወይዘሮ ላውረንስና ሌሎች ነዋሪዎች፣ ተገፍተው ከወጡትና በካምደን ከሚኖሩት ጋር ሆነው፣ በ1971 በነጻ የሕግ ድጋፍ ጠበቆች አማካይነት ከሰሱ። በዚህ ምክንያት ማስፈራሪያ ደርሶባቸዋል፤ አልተመለሱም። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975፣ በዳኛ ፍሬድሪክ ሆል በተጻፈው ውሳኔ፣ በማደግ ላይ ያለ ታውንሺፕ ሁሉ በመሬት ደንቡ ለአነስተኛና መካከለኛ ገቢ ሰው የድርሻውን ያህል በር መክፈት አለበት አለ።

ታውንሺፑ የሰጠው መልስ ሦስት ትናንሽ ቦታዎችን ብቻ መፍቀድ ነበር። አንድም ቤት ሳይሠራ ዓመታት አለፉ። በ1983 ፍርድ ቤቱ እንደገና፣ አሁን በቁጣ፣ ወሰነ፤ በ1985 ደግሞ የስቴቱ ሕግ ወጣ። ሕጉ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው፦ ታውንሺፕ ግዴታውን እስከ ግማሹ ድረስ ለሌላ ከተማ ገንዘብ ከፍሎ ማስተላለፍ ይችል ነበር። በእኔ አስተያየት ይህ ንስሐን በገንዘብ እንደ መግዛት ነው። የተሰረዘው በ2008 ነው።

ወይዘሮ ላውረንስ በ1994 አረፉ። በስማቸው የተሰየመው ሰፈር ዕቅድ በ1997 በታውንሺፑ ስብሰባ ሲቀርብ ብዙ ነዋሪ ወንጀል ይመጣል፣ የቤታችን ዋጋ ይወድቃል፣ ግብር ይጨምራል ብሎ ተቃወመ፤ ግን ጸደቀ። በ2000 የመጀመሪያዎቹ 100 ቤቶች ሰው ገባባቸው፣ ቆይቶም 40 ተጨመሩ። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ዳግላስ ማሲና ባልደረቦቻቸው ቦታውን ከተመሳሳይ ጎረቤት ታውንሺፖች ጋር አነጻጽረው በ2013 መጽሐፍ አወጡ። ወንጀሉም፣ የቤት ዋጋውም፣ ግብሩም በሰፈሩ ምክንያት አልተለወጠም። ቤት ያገኙት ሰዎች አመልክተው ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ ገቢያቸው ተሻሽሏል፤ ልጆቻቸውም የሚያጠኑበት ጸጥ ያለ ቦታ አግኝተዋል። ጸጥታው ለካ ለሁሉም ይበቃ ነበር።

በመጋቢት 2024 ኒው ጀርሲ አዲስ ሕግ አወጣ። በዚህም መሠረት ታውንሺፖች ከ2025 እስከ 2035 ድረስ ያለባቸውን የቤት ድርሻ ማቀድ አለባቸው። ዕቅዱ የሚታይበት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ መናገርም ይቻላል። በዚያ ስቴት የምትኖሩ እህቶች የምትሠሩበትን ታውንሺፕ ዝርዝር ጠይቁ። ማመልከቻው የገቢ ማስረጃና የግብር ወረቀት ስለሚፈልግ፣ በመሙላቱ የምትቸገር እህት ወረቀቶቿን ይዛ ወደ ወርሃዊ ስብሰባችን ትምጣ፤ አብረን እንሞላለን።