ብራም ፊሸር

ብራም ፊሸር (1908–1975 እ.ኤ.አ.) የደቡብ አፍሪካ ጠበቃ፣ ኮሚኒስትና የአፓርታይድ ተቃዋሚ ነበሩ። በብሉምፎንቴይን ከታወቀ የአፍሪካነር ቤተሰብ ተወለዱ፤ አያታቸው የኦሬንጅ ወንዝ ቅኝ ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አባታቸውም ዳኛ ነበሩ። ስለዚህ ሥልጣን ለእርሳቸው ሩቅ አልነበረም። በኦክስፎርድ ተምረው በ1937 ሞሊ ክሪገን አገቡ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

በሪቮንያ ችሎት የኔልሰን ማንዴላንና የጓደኞቻቸውን ተከላካይ ጠበቆች መሩ። ተከሳሾቹ ከሞት ቅጣት ተርፈው በጁን 12 ቀን 1964 ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። በማግስቱ ፊሸር ለሴት ልጃቸው 21ኛ ልደት ወደ ኬፕታውን ሲነዱ መኪናቸው ወንዝ ውስጥ ገባና ሞሊ ሰጥመው ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ ማንዴላን በሮበን ደሴት ጎበኟቸው። ማንዴላ ስለ ሞሊ ሲጠይቋቸው ድንገት ተነሥተው ወጡ፤ ተመልሰውም ለጥያቄው መልስ ሳይሰጡ ስለ ጉዳዩ ማውራት ቀጠሉ።

በዚያው ዓመት ተይዘው በዋስ ሳሉ ለአንድ ክርክር ለንደን ሄዱ፤ እዚያ መቅረት ሲችሉ ተመለሱ። በ1965 ግን ተሰወሩ። ከጠበቆች መዝገብ ተሰርዘው፣ በኅዳር ወር ተይዘው፣ በ1966 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ወንድ ልጃቸው በ1971 ሲሞት ቀብሩ ላይ እንዲገኙ አልተፈቀደም። በካንሰር ታመው በወንድማቸው ቤት ካረፉ በኋላ የእስር ቤቱ አስተዳደር አመዳቸውን ወሰደ። ስማቸው ወደ ጠበቆች መዝገብ የተመለሰው በ2003 ነው።