የቤት አየር ማቀዝቀዣ ነፋሱ ሲደክም፦ «ጋዙ አልቋል» ከማለት በፊት ሊፈተሹ የሚገባቸው ነገሮች

በመተማና በቋራ ቆላማ አካባቢዎች ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያልፍባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። በእንዲህ ያለ ስፍራ የአየር ማቀዝቀዣ፣ በተለምዶ «ኤሲ» የሚባለው መሣሪያ፣ ሕፃን ወይም አረጋዊ ባለበት ቤት እንደ ቅንጦት ዕቃ ሊታይ አይችልም። የእንስሳት መድኃኒት ለሚሸጥ ሱቅም እንዲሁ ነው። መሣሪያው እየሠራ ነፋሱ ሲደክም ግን ከብዙ ሰው አፍ የሚወጣው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው፤ «ጋዙ አልቋል» ይባላል። ባለሙያ ይጠራል፤ ጋዝ ይሞላል፤ ገንዘብ ይከፈላል። ነፋሱ ግን እንደደከመ ይቀራል።

ነገሩን ለመረዳት የመሣሪያውን አሠራር በአጭሩ ማወቅ ይጠቅማል። ማቀዝቀዣው ጋዝ በተዘጋ የመዳብ ቱቦ ውስጥ በቤት ውስጥና በውጭ ባሉት ሁለት ክፍሎች መካከል እየተመላለሰ የቤቱን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያወጣ ነው። እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከጎደለ አንድ ቦታ እየሾለከ ነው ማለት ነው። ነፋሱን የሚገፋው ደግሞ ጋዙ ሳይሆን በውስጠኛው ክፍል ያለው ሞተርና ከእርሱ ጋር የተያያዘው ረጅም ማራገቢያ ነው። ስለዚህ የነፋስ መድከም በአመዛኙ የአየር መተላለፊያ ችግር እንጂ የጋዝ ችግር አይደለም። ጋዝ መጉደል ነፋሱን የሚያደክምበት አንድ መንገድ ቢኖርም ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው ሥራ ሁለቱን ሕመሞች መለየት ነው። እጅን ከነፋሱ መውጫ ፊት አድርጎ መፈተሽ በቂ ነው። የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ሆኖ ትንሽ ከሆነ ችግሩ ያለው በውስጠኛው ክፍል ነው። አየሩ በኃይል እየነፈሰ የማይቀዘቅዝ ከሆነ ግን የውጭውን ክፍል፣ ኮምፕሬሰሩን ወይም ጋዙን መጠርጠር ይቻላል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው መሣሪያው ለ15 ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ከላይ የሚገባውን አየርና ከታች የሚወጣውን አየር ይለካ። በመካከላቸው ከ8 እስከ 12 ዲግሪ የሚደርስ ልዩነት ከታየ የማቀዝቀዝ ሥራው ደኅና ነው ለማለት ያስችላል።

ሪሞቱንም ማየት አይዘንጋ። አንዳንዱ «ብልሽት» ሕፃናት ሪሞት ሲነካኩ የተፈጠረ ነው። መሣሪያው በእንቅልፍ ሰዓት ወይም በእርጥበት ማድረቂያ አሠራር ላይ ከሆነ ማራገቢያው ሆን ብሎ ቀስ ይላል። በማቀዝቀዣ አሠራር፣ በከፍተኛው የማራገቢያ ፍጥነት ላይ አድርጎ መሞከር ይገባል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ማጣሪያው ነው። የደከመ ነፋስ ከሁሉ በላይ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። በቆላማው አካባቢ በጥቅምትና በኅዳር የሰሊጥ ሂላ በሚራገፍበት ወቅት የሚነሣውን ብናኝ ያየ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም። ከዚያም ቀጥሎ የበጋው አቧራ አለ። የማጣሪያው ወንፊት ደቃቅ ስለሆነ አቧራው ከምግብ ቤት ጢስና ቅባት ጋር ሲገናኝ እንደ ምንጣፍ ይለጠፍበታል። የጀርባ መድኃኒት መርጫ ተጠቅሞ የሚያውቅ አርሶ አደር ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ አፈሙዙ ሲደፈን ፓምፑን የቱንም ያህል ቢጫኑት የሚወጣው መድኃኒት ጭላጭ ነው። ጥፋቱ ግን የፓምፑ አይደለም።

ማጣሪያውን ለማጽዳት መጀመሪያ መሣሪያውን በሪሞት ብቻ ሳይሆን ከኤሌክትሪክ መስመሩ ማጥፋት ያስፈልጋል። የፊት ክዳኑ ወደ ላይ ሲከፈት ማጣሪያው ተስቦ ይወጣል። ደረቁን አቧራ ከቤት ውጭ አራግፎ፣ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና ማጠብ፣ ከዚያም በጥላ ሥር ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ነው። የፈላ ውኃና የቀትር ፀሐይ ፕላስቲኩን ያጣምሙታል፤ የተጣመመ ማጣሪያ ደግሞ ከቦታው ስለማይገጥም አቧራውን በጎኑ ያሳልፋል። እርጥብ ማጣሪያ መግጠምም ለሻጋታ በር መክፈት ነው። በአቧራ ወራት በየሁለት ሳምንቱ፣ በክረምት በየወሩ ማጠብ ተገቢ ነው። ማጣሪያውን አውጥቶ ያለ እርሱ ማሠራት ነፋሱን ለጊዜው ያበረታ ይመስላል፤ ነገር ግን አቧራው በቀጥታ ወደ ውስጥ ዘልቆ የኋላ ኋላ የከፋ ጉዳት ያስከትላል።

ማጣሪያው ታጥቦ ነፋሱ ካልተሻሻለ ከጀርባው ያሉትን ስስ የአልሙኒየም ክንፎች በባትሪ ብርሃን ማየት ነው። የአቧራ ሽፋን ካለ በለስላሳ ብሩሽ፣ ክንፎቹ በቆሙበት አቅጣጫ ከላይ ወደ ታች በቀስታ ማንሣት ይቻላል። ወደ ጎን መፋቅ ክንፎቹን ያጥፋቸዋል። ከክንፎቹ ኋላ፣ በነፋሱ መውጫ በኩል የሚታየው ረጅም ማራገቢያ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ክፍል ነው። በምላጮቹ ላይ አቧራ ሲጋገር ማራገቢያው ቢሽከረከርም አየር የመቅዳት ኃይሉን ያጣል። ይህን ክፍል ፈትቶ ማጠብ ግን የባለሙያ ሥራ ነው፤ አጠገቡ የኤሌክትሪክ ክፍሎች ስላሉ ውኃ መርጨት አይገባም።

ቀደም ሲል የተጠቀሰው የጋዝ ጉዳይ የሚመጣው በዚህ ላይ ነው። በክንፎቹ ወይም በመዳብ ቱቦው ላይ በረዶ ከታየ መሣሪያው በማቀዝቀዣ አሠራር መቀጠል የለበትም። በረዶው የአየሩን መተላለፊያ ይዘጋል፤ ነፋሱም እየቀነሰ ይሄዳል። በረዶ የሚሠራው በሁለት ዋና ምክንያቶች ነው፤ አንደኛው በቆሻሻ ምክንያት በክንፎቹ ላይ የሚያልፈው አየር ማነሱ፣ ሁለተኛው የጋዝ መጉደል ነው። ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ማራገቢያውን ብቻ ለጥቂት ሰዓታት ማሠራት በረዶውን ያቀልጠዋል። በቢላዋ ወይም በማንኪያ መፈርፈር ቱቦውን ሊበሳ ይችላል። ማጣሪያውና ክንፎቹ ከጸዱ በኋላ በረዶው ዳግም ከተመለሰ ጋዝ መጠርጠሩ ተገቢ ይሆናል።

አመሻሽ ላይ ብቻ የሚደክም፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የሚበረታ ነፋስ የኤሌክትሪክ ኃይል መውረድን ያመለክታል። የአገራችን የቤት መስመር 220 ቮልት ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠቀም ኃይሉ በእጅጉ ከወረደ ሞተሮቹ ይለግማሉ፤ ኮምፕሬሰሩም ሊቃጠል ይችላል። ከመሣሪያው አቅም ጋር የሚመጣጠን ስታብላይዘር መግጠም ይረዳል። መብራት ሄዶ ሲመለስም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ታግሶ ማብራት መልካም ነው። ማራገቢያው በማንኛውም ሰዓት ቀርፋፋ ከሆነ፣ ወይም በእጅ ሲገፋ ብቻ የሚነሣ ከሆነ ካፓሲተሩ ወይም ሞተሩ ተዳክሟል። ካፓሲተር መብራት ከተቋረጠ በኋላም ኃይል ይዞ ስለሚቆይ በእጅ መንካት አደገኛ ነው።

የውጭው ክፍል የቤቱን ነፋስ ባያደክምም ቅዝቃዜውን ይወስናል። ፌስታል ተለጥፎበት፣ ጆንያ ተደግፎበት ወይም ዶሮ ሰፍሮበት ከተገኘ ሙቀቱን ማውጣት አይችልም። በዙሪያው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይተውለት።

ባለሙያ ከተጠራ ጥያቄው «ጋዝ ሙላልኝ» መሆን የለበትም፤ «የሚሾልክበትን ቦታ አሳየኝ» መሆን አለበት። የሾለከውን ሳይደፍን የሚሞላ ሰው በመጪው ዓመት ዳግም መጠራቱ አይቀርም። የሚሞላውም ጋዝ በመሣሪያው ላይ ከተጻፈው ዓይነት ጋር አንድ ሊሆን ይገባል። አር-22 የተሰኘው ጋዝ የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከአገልግሎት እየወጣ ያለ ሲሆን፣ በአዳዲስ መሣሪያዎች ላይ የሚገኘው አር-32 በመጠኑም ቢሆን ተቀጣጣይ ነው። አንዱን በሌላው ላይ መደባለቅ መሣሪያውን ያበላሻል።

ጥገናው ቀናት የሚወስድ ከሆነ በቤት ያለ ቬንቲሌተር ሁልጊዜ ምትክ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ቬንቲሌተር ሞቃቱን አየር ወደ ሰውነት ስለሚገፋ ይበልጥ ያሞቃል። በእነዚያ ሰዓታት ውኃ አዘውትሮ መጠጣት፣ ገላን በእርጥብ ጨርቅ ማበስ፣ ፀሐይ የሚገባባቸውን መስኮቶች በቀን መጋረድና በሌሊት መክፈት ይጠቅማል። የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጡም በእሽጉ ላይ የተጻፈውን የሙቀት ወሰን ተመልክተው፣ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ የተባለውን ጥገናው እስኪያልቅ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ያዛውሩ። ክትባት ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ እንጂ በኤሲ በቀዘቀዘ ክፍል የሚቀመጥ አይደለም።