መካከለኛ ቀጣሪ፦ ደመወዝ ሲቀር ማን ይጠየቃል?

በብሪታንያ በኤጀንሲ በኩል ሥራ የሚያገኝ ሰው፣ የሆስፒታል ፈረቃ ይሁን የመጋዘን ሥራ ወይም የኮምፒውተር ሙያ፣ ብዙ ጊዜ «ደመወዝዎን የሚከፍልዎ አምብሬላ ኩባንያ ነው» ይባላል። ይህን ኩባንያ እዚህ «መካከለኛ ቀጣሪ» ብለነዋል። «ጃንጥላ ድርጅት» ያላልነው በአማርኛ ይህ ስም ብዙ ማኅበራትን በሥሩ ላሰባሰበ ተቋም ስለተያዘ ነው። «መካከለኛ» ኩባንያው በኤጀንሲውና በሠራተኛው መካከል እንደሚቆም ያመለክታል፤ «ቀጣሪ» ደግሞ በሕግ ፊት የቀጠረዎ እሱ መሆኑን። ደመወዝ የቀረበት ሰው አጥብቆ መያዝ ያለበት ሁለተኛውን ነው። ብዙዎች ወር ሙሉ ወደ ኤጀንሲው ሲደውሉ ይከርሙና፣ መጠየቅ የነበረበትን ኩባንያ የመክሰሻው ጊዜ ያልፍባቸዋል።

ገንዘቡ የሚጓዝበት መንገድ

ሥራውን የሚያሠራው ድርጅት ለኤጀንሲው ይከፍላል፤ ኤጀንሲው የራሱን ድርሻ አስቀርቶ ለመካከለኛ ቀጣሪው ያስተላልፋል፤ መካከለኛ ቀጣሪው ግብሩን ቆርጦ ለሠራተኛው ደመወዝ ይከፍላል። አሠራሩ ቀድሞም ነበረ፤ ይበልጥ የተስፋፋው ግን በግል ኩባንያቸው ስም የሚሠሩ ባለሙያዎችን የሚመለከተው የግብር ደንብ በ2017 በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በ2021 ደግሞ በግሉ ዘርፍ ከጠበቀ በኋላ ነው።

የጎደለው ሁሉ ያልተከፈለ ደመወዝ አይደለም

ኤጀንሲው «በሰዓት 20 ፓውንድ» ሲል ብዙውን ጊዜ ለመካከለኛ ቀጣሪው የሚያስተላልፈውን እንጂ የእርስዎን ደመወዝ አይናገርም። ከዚያ ላይ ቀጣሪው የሚከፍለው የብሔራዊ መድን መዋጮ (ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ 15 በመቶ)፣ 0.5 በመቶ የሙያ ሥልጠና ቀረጥና የኩባንያው የአገልግሎት ክፍያ ይነሳሉ። ደመወዝዎ የሚሰላው ከዚህ በኋላ ነው፤ የራስዎ ግብርና መዋጮ ደግሞ ከደመወዙ ላይ ይቆረጣል። የመጀመሪያዎቹ ተቀናሾች በውሉ እስከተገለጹ ድረስ ሕጋዊ ናቸው።

ከኤፕሪል 6 ቀን 2020 ወዲህ ኤጀንሲው ስምምነት ከመደረጉ በፊት «የቁልፍ መረጃ ሰነድ» የሚባል ወረቀት የመስጠት ግዴታ አለበት። ወረቀቱ ማን እንደሚከፍልዎ፣ ምን እንደሚቀነስና በግምት ምን ያህል እጅዎ እንደሚገባ ይዘረዝራል። የደመወዝ ወረቀትዎ ከዚህ ሰነድና ከውሉ ጋር ካልተስማማ የሚጠየቅ ነገር አለ ማለት ነው።

የዓመት ዕረፍት ክፍያን በተለይ ይመርምሩ። በመካከለኛ ቀጣሪ በኩል የሚሠራ ሰው በዓመት 5.6 ሳምንት የሚከፈልበት ዕረፍት አለው። ኩባንያው ለዚሁ ብሎ በየጊዜው 12.07 በመቶ ካስቀመጠና ሥራ ሲለቁ ሳይከፍልዎ ከቀረ፣ ያም እንደ ደመወዝ የሚጠየቅ ዕዳ ነው።

«ኤጀንሲው አልከፈለኝም» ሲባል

ይህ ከሁሉ የሚዘወተረው ምክንያት ነው። የ1996ቱ የሥራ መብቶች ሕግ መከፈል ከሚገባው ደመወዝ አሳንሶ መክፈልን «ሕገወጥ ቅነሳ» ይለዋል፤ ጭራሽ አለመክፈልም በዚሁ ይካተታል። ኤጀንሲው አለመክፈሉ የሁለቱ ኩባንያዎች ጉዳይ ነው፤ እርስዎ የፈረሙት ከመካከለኛ ቀጣሪው ጋር ነው።

ሆኖም ውሉን በጥሞና ያንብቡ። አንዳንድ መካከለኛ ቀጣሪዎች በውሉ የሚያረጋግጡት ዝቅተኛውን ሕጋዊ ደመወዝ ብቻ ነው፤ የቀረውን «ጉርሻ» ብለው ከኤጀንሲው ገንዘብ በመግባቱ ላይ ያንጠለጥሉታል። እንዲህ ያለ አንቀጽ ክርክሩን ያከብደዋል፤ ለሠሩት ሰዓት ዝቅተኛውን ሕጋዊ ደመወዝ የማግኘት መብትዎን ግን በፊርማም ቢሆን ሊያስቀር አይችልም።

የቀጠረዎ ራሱ ኤጀንሲው ከሆነ የ2003ቱ የኤጀንሲዎች ደንብ በግልጽ ይጠብቅዎታል፦ ደንበኛው አልከፈለኝም ብሎ ወይም የሰዓት መመዝገቢያው አልተፈረመም ብሎ ክፍያ መያዝ ክልክል ነው። በራስዎ ኩባንያ ስም የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የነጋዴ ዕዳ ይሆናል። በእንግሊዝና በዌልስ እስከ 10,000 ፓውንድ ድረስ በአነስተኛ ክሶች ችሎት ይጠየቃል፤ የ1998ቱ የዘገየ ክፍያ ሕግም ከእንግሊዝ ባንክ ወለድ በላይ 8 በመቶ ያስጨምራል።

ከጥያቄ እስከ ችሎት

መጀመሪያ በውሉና በደመወዝ ወረቀቱ ላይ ያለውን የቀጣሪውን ሙሉ ስም ይያዙ፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው እህት ኩባንያዎች ብዙ ናቸውና። የተፈረመበትን የሰዓት መመዝገቢያ፣ የባንክ መግለጫና መልእክቶችን ሁሉ ያስቀምጡ። ኤጀንሲውን ገንዘቡን አስተላልፎ እንደሆነ በኢሜይል ይጠይቁ፤ «አዎ፣ በዚህ ቀን» የሚል መልስ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ከዚያም ለመካከለኛ ቀጣሪው የጎደለውን መጠን፣ የሠሩባቸውን ቀኖችና መልስ የሚጠብቁበትን ቀን ጠቅሰው በጽሑፍ አቤት ይበሉ።

መልስ በመጠበቅ ግን ጊዜው እንዳያልፍብዎ። በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ የደመወዝ አቤቱታ ጊዜ ሦስት ወር ሲጎድል አንድ ቀን ነው። ማርች 15 መከፈል የነበረበት ደመወዝ ቢቀር የመጨረሻው ቀን ጁን 14 ነው። ይህን ጊዜ ወደ ስድስት ወር የሚያራዝም ሕግ በ2025 ወጥቷል፤ በእርስዎ ጉዳይ ላይ መሥራቱን እስካላረጋገጡ ድረስ ግን በሦስቱ ወር ይቁጠሩ።

ከችሎት በፊት አካስ ለሚባለው የሥራ ክርክር አስማሚ ተቋም ማመልከት ግዴታ ነው። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ማስማማቱ እስኪያልቅ የጊዜ ቆጠራው ይቆማል። ስምምነት ካልተገኘ አካስ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ በእሱ ለሥራ ክርክር ችሎት ይከሳሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2017 የችሎቱን ክፍያ ሕገወጥ ካለ ወዲህ ለመክሰስ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ጠበቃ ማቆምም ግዴታ አይደለም።

ኩባንያው ሲፈርስ

ኩባንያው በይፋ ከከሰረ መንግሥት ከብሔራዊ መድን ፈንድ እስከ ስምንት ሳምንት ያልተከፈለ ደመወዝና እስከ ስድስት ሳምንት የዕረፍት ክፍያ ይሸፍናል፤ ለሳምንቱ ግን ጣሪያ አለው።

አስቸጋሪው ኩባንያው የመክሰር ሥርዓት ሳይፈጸም ከመዝገብ ሲሰረዝ ነው፤ ያኔ የሚከሰስ ድርጅት ይጠፋል፤ የፈንዱም በር እንዲሁ አይከፈትም። ስለዚህ በኩባንያዎች መዝገብ ድረ ገጽ የቀጣሪዎን ስም ፈልገው በነፃ የኢሜይል ማስታወቂያ ይመዝገቡ። የስረዛ ማስታወቂያ ከወጣ ገንዘብ እንደሚጠይቅ ሰው ማስረጃዎን አያይዘው መቃወም ይችላሉ፤ ተቃውሞው ተቀባይነት ካገኘ ስረዛው ይታገዳል።

ስለ አዲሱ የግብር ደንብም አንድ ነገር ይለይ። በኦክቶበር 2024 በጀት መንግሥት መካከለኛ ቀጣሪው ያልከፈለውን የደመወዝ ግብር ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ኤጀንሲው እንዲጠየቅበት እንደሚያደርግ አስታውቋል። ይህ ለግምጃ ቤቱ እንጂ ለሠራተኛው ደመወዝ የቆመ ዋስትና አይደለም። የላብዎን ዋጋ ለማስመለስ ዛሬም በስም ተጠቅሶ መጠየቅ ያለበት፣ በውሉ ላይ ቀጣሪ ተብሎ የፈረመው ኩባንያ ነው።